ቅድመ አያቴ እኔን ሲፈልግ

ትናንት እንቅልፍ እንደወሰደኝ፣ በሕልሜ ዓለም ተገልብጣ ጠበቀችኝ።

አባቴ ይስማው ካረፈ ገና ወሩ ነው። እህቴ ጥሩሰው ልታገባ ስለሆነ፣ ሰባት ቤት ቆጥሮ ከሙሽራው ጋር እንደማትዛመድ የማረጋገጡ ነገር በእኔ ላይ ወደቀ። እኔ ደግሞ ከአያቴ ከቢያድግልኝ ወዲያ አላውቅም። የድሮው የሕዝብ ቆጠራ መዝገብም ያባቱን ስም «አይታወቅም» ይላል። ቢቸግረን እኔ፣ ጥሩሰውና ሙሽራው ሦስታችንም ለዲኤንኤ ምርመራ ምራቃችንን ሰጠን። ይህን እያብሰለሰልኩ ነው የተኛሁት።

በሕልሜ ሙታን ሕያዋንን ይቆጥሩ ነበር። ጸሐፊዎቹ ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ባለጉዳይ ይለማመጣሉ። መርማሪዋ ነጭ ጋዋን የለበሰች በቅሎ ናት።

«ፈረስ አጎቴ ነው ብዬ ስንት ዘመን ተሳቀብኝ!» አለችኝ። «ዛሬ ጠያቂዋ እኔ ነኝ። በል ምራቅህን!»

ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል።

«የልጅ ልጄን ልጅ ፍለጋ ነው የመጣሁ» አሉ።

«ስምዎ ማን ነው አባቴ?»

«ማንያውቃል።»

«እርስዎ ካላወቁ ማን ሊያውቅ ነው?»

«ስሜ ነው አንተ! ያም ቆጣሪ እንዳንተው ነበር። ልጄን ቢያድግልኝን ‹አባትህ ማን ነው?› ቢለው ‹ማንያውቃል› አለው። ‹አይታወቅም› ብሎ ጻፈና ሄደ፤ ደንቆሮ!»

ጉልበታቸውን ልስም ተደፋሁ።

«ተው! በቅሎዋ ሳትፈቅድ መሳም ክልክል ነው።»

ወዲያው አባቴ ራሱን ተላጭቶ፣ ጥቁር ለብሶ፣ እያለቀሰ መጣ።

«ምነው አባዬ፣ ማን ሞተብህ?»

«አንተ ነሃ! በሕይወት አለ ብለው አረዱኝ።»

«አባዬ፣ ያልነገርከኝን ቤት ቁጠርልኝ» አልኩት።

«እኛ ዘንድ ወደ ታች ነው የሚቆጠረው» ብሎ ጣቱን አወጣ። «ማንያውቃል፣ ቢያድግልኝ፣ ይስማው...»

እኔ ጋ ሲደርስ በቅሎዋን ቀና ብሎ አያት። እሷም ጆሮዋን ጥላ ዞር አለች።

«ቀጥል እንጂ አባዬ!»

«ደረበ! ደረበ!»

ጥሩሰው ናት የምትወዘውዘኝ። ነግቷል። ስልኳን ይዛ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ውጤቱ መጣ።»

«ከሙሽራው ጋር ትዛመዳላችሁ?»

«አንዛመድም።»

«እሰይ! ታዲያ እልል አትይም?»

«ካንተም ጋር አልዛመድም ይላል።»