ሐሊማ ሹመት ያገኘች ጊዜ

መንግሥት ስም የሌለውን ነገር አያይም። ማማቴ አይደለም፤ እኔም አላይም። እርሻዬ ላይ የሚበቅለውን አረም ሁሉ፣ ስሙን እስካውቅ ድረስ፣ ሣር ነበር የምለው። ድሬዳዋ ደግሞ የሥራ ስም የሞላባት ከተማ ናት። የባቡሩን ሐዲድ የሚያቀናው ስም አለው፣ ግመል የሚጭነው ስም አለው፣ ግመሉ ሲሸጥ አጠገቡ ቆሞ የሚያወራው እንኳ ደላላ ይባላል። እናንተም ሥራችሁ ምንድን ነው ብትባሉ በአንድ ቃል መልሳችሁ ታልፋላችሁ። ሐሊማ ግን በአንድ ቃል መመለስ አትችልም ነበር። በዚህ ምክንያት ዘበኛ ሆነች።

ከሥሩ ልንገራችሁ። ልጄ አስካለ በአካል ሙሉ ሴት ናት፤ አእምሮዋ ግን ከተወለደች ጀምሮ በራሱ እርምጃ ነው የሚሄደው፣ ቀስ ብሎ። እናቷ ከሞተች ወዲህ የሚይዛት ጠፋ። እኔ ከከተማው ዳር ሽንኩርትና ፓፓያ አለማለሁ፤ የመስኖ ውሃ ተራዬ ሲደርስ መቅረት አልችልም። ይዣት ስሄድ ችግኙን ትነቅላለች። ቤት ዘግቼባት ስሄድ ጎረቤቱ በጩኸቷ ይታወካል፣ እኔም እርሻው መካከል ቆሜ የምሰማት ይመስለኛል።

ሐጂ ዑመር የሚባሉ ባለሱቅ፣ የእህታቸው ልጅ እንደ አስካለ ስለሆነ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ የነበራቸውን ባዶ ግቢ እንዲህ ያሉ ልጆች ቀን ቀን ይዋሉበት ብለው ሰጡ። የምትይዛቸውን ሴት ደሞዝ አንድ መሥሪያ ቤት እችላለሁ አለ፤ የትኛው እንደሆነ ማወቁ ለእናንተም ለእኔም አይጠቅምም። ነገር ግን በደንቡ ያለው ክፍት ቦታ የዘበኛ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሐሊማ የምትባል የሶማሌ ሴት በጊዜያዊነት ዘበኛ ተብላ ተቀጠረች፤ ዱላና ወፍራም ካፖርትም ተሰጣት። የድሬዳዋን ፀሐይ የምታውቁ ስለ ካፖርቱ ሌላ እንድናገር አትጠብቁም።

ሐሊማ ዱላውን ልብስ ማስጫ አደረገችው። ካፖርቱ ግን ትላልቅ የናስ አዝራሮች ነበሩት፣ እሱን ወደደችው። አስካለ አዝራር መቆለፍ የተማረችው በዚያ ነው። ቀጥሎ ከኩባያ ሳያፈሱ መጠጣት መጣ፤ ቀጥሎ ጋሪ ሲመጣ ጥግ ይዞ ማሳለፍ መጣ። አንድ ቀን ከእርሻ ስመለስ የገዛ ቀሚሷን ቆልፋ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። እኔ ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን ጭራሽ አልተናገርኩም።

ታዲያ አንድ ጠዋት አስካለን ላደርስ ግቢው ስገባ ተቆጣጣሪ የሚባል ሰው ከኋላዬ ገባ። በሩን አየ፤ ዘበኛ የለም።

«ዘበኛዋ የት አለች?»

«አለሁ፣ ምን ጠፋብህ?» አለች ሐሊማ ከውስጥ። ሐሊማ ለሹምም ለተሸካሚም አንተ ነው የምትለው፤ ቋንቋውን የለመደችው በእኛ ከተማ ነው።

«ካፖርትሽስ?»

ካፖርቱን አስካለ ገና ከመግባቷ አንሥታ ለብሳው ነበር።

«አዝራር እየተማረችበት ነው» አለች ሐሊማ።

«መንግሥት ካፖርት የሰጠሽ አዝራር እንድታስተምሪበት ነው?»

«አቦ! በዚህ ሙቀት ለብሼው ልሙትልህ?»

«ሌባ ቢገባስ?»

«ምን ሊወስድ? አስካለን? ዋላሂ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ራሱ ይዟት ይመጣል።»

ሳቅሁ። አባቷ ነኝ፣ መሳቅ እችላለሁ። ተቆጣጣሪው ግን አልሳቀም። ዘበኛ ከበር ላይ ከጠፋ ዘበኛ አይደለም አለና፣ ከሰኞ ጀምሮ የጨው መጋዘን እንድትጠብቅ አዘዘ። ሳቄ እዚያው ቆመ። እሷ ከሄደች ግቢው ይዘጋል፣ አስካለም ወደተዘጋው ቤት ትመለሳለች። እንግዲህ ጨው አይጮህም፣ ቢዘጉበትም ግድ የለውም።

ሐጂ ዑመርና እኔ ከመሥሪያ ቤቱ ሹም ዘንድ ቀረብን። ሐጂ እጅ ከነሡ በኋላ ረጅም ንግግር አደረጉ፤ መሐል ላይ አማርኛው አልበቃቸው ሲል ከዐረብኛም ከኦሮምኛም ይጨልፉ ነበር። ሹሙ እስኪጨርሱ ታገሡና ጸሐፊያቸውን ጠየቁ።

«ሞግዚት ናት ማለት ነው?»

«ሞግዚት በደንባችን የለም፣ ጌታዬ።»

«አስተማሪስ?»

«ትምህርት የላትም።»

«አስታማሚስ?»

«ልጆቹ አልታመሙም፣ ጌታዬ። እንዲያውም እጅግ ጤነኞች ናቸው» አለ ጸሐፊው። አንድ ጊዜ ግቢው ሄዶ ሳለ አስካለ ባርኔጣውን ቀምታው ነበር።

«ታዲያ ምንድን ናት?»

 ሐጂ በክርናቸው ጎሰሙኝ።

«ጌታዬ፣ እሷ ካለች አርሳለሁ» አልኩ። «ከሄደች አላርስም።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለኝም።»

ሐጂ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው ሰቀሉ። ሹሙ ግን እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«እንዳንተ ያለ ሌላ ሰው አለ?»

«አለ። ጋሪ ነጂው አለ። የባቡር ሠራተኛው አለ። ጨርቅ ሻጯ አለች።»

«እንግዲህ ይህች ሴት አንድ ቦታ ተቀምጣ ስንቱን ሥራ ታሠራለች ማለት ነው!» አሉ ወደ ጸሐፊው ዞረው። «ደንቡ ስም ከሌለው ስም አውጣለት።»

ጸሐፊው ሲጨነቅ ሰነበተና «የድኩማን ልጆች ረዳት» የሚል አወጣ። በመሥሪያ ቤቱ ቅጥር ግቢ፣ ጠራጊዎችም ዘበኞችም ተሰብስበው ሳለ፣ ስሟ ከነሥራዋ ተጠራ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቋሚ ሠራተኛ መሆኗም ተነገረ። ሐሊማ ሻሿን አስተካክላ ወጣች። «ይረዝማል፣ ግን ሃዬ፣ ይሁን» አለች። ተጨበጨበ። ሰዉ ሁሉ ካቆመ በኋላ አስካለ ብቻዋን ማጨብጨቧን ቀጠለች። ላስቆማት እጄን ስዘረጋ ሹሙ እንደገና ማጨብጨብ ጀመሩ፤ እሳቸው ሲያጨበጭቡ ደግሞ ማን ዝም ይላል? ሐሊማ ሁለት ጊዜ ተጨበጨበላት።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን ሹመት ብቻውን አይመጣም።

«አባ አስካለ» አለችኝ ሐሊማ ጥቂት ቆይታ፣ «ፈቃድ አለሽ አሉኝ።»

«የምን ፈቃድ?»

«የዕረፍት። ቋሚ ሠራተኛ በዓመት አንድ ወር ያርፋል። ጀልዴሳ ሄጄ እናቴን ላያት ነው።»

«ልጆቹንስ ማን ይይዛል?»

«እኔ ነኝ እንዴ የወለድኳቸው?»

 እኛ ወላጆች ተራ ገባን። እኔ ሽንኩርቴን ገና አንሥቼ መጨረሴ ስለነበር ሥራ ፈት ነህ ተባልኩና ብዙው ቀን በእኔ ላይ ወደቀ። ለሹመቷ የተሟገትኩት እኔ፣ ለዕረፍቷ የምሠራውም እኔ!

በበሬ በዝምታ ይታረሳል። እነዚህን ልጆች ግን በዝምታ መያዝ አይቻልም። ዝም ባልኩ ቁጥር አስካለ ትነሣና ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አፌን ትመለከታለች፤ የሚወጣ ነገር እንዳለ ትጠብቃለች። ሐሊማ ቀኑን ሙሉ ስታወራ ወሬኛ ናት ብዬ ነበር፤ ለካ ሥራው ይኸው ኖሯል። ምን ልበል? የማውቀውን ጀመርኩ። ስለ ሽንኩርት ነገርኳት። ዘሩ እንዴት እንደሚደርቅ፣ ችግኙ መቼ እንደሚነሣ፣ ውሃ ሲበዛበት እንዴት እንደሚበሰብስ። ለሚስቴ እንኳ ይህን ያህል አውርቼ አላውቅም። አስካለ እጇን ከፊቴ ሳታነሣ ሁሉንም ሰማችኝ። በማግስቱም ገና በሩን ሳልፍ መጥታ ፊቴን ያዘች። የቀረውን ፈልጋ ነው።

ወሩ አለቀና ሐሊማ ተመለሰች፤ ወፍራለች፣ ፊቷም አብርቷል። አስካለ ሮጣ ፊቷን ያዘችና፣ በሕይወቷ ብላው የማታውቀውን ቃል፣ ጥርት አድርጋ «ሽንኩርት» አለቻት።

«ዋላሂ!» አለች ሐሊማ። «ማነው ያስተማራት?»

ጉሮሮዬን ጠራረግሁ።

«የሚቀጥለው ፈቃድሽ መቼ ነው?» አልኳት።

«ገና ዓመት ነው እንጂ! አትፍራ፣ አልሄድም።»

«በስድስት ወር አይሰጡም?»

ሐሊማ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና አስካለን በእጇ ይዛ ወደ ጥላው ሄደች።

«ሄደህ ሹሙን ጠይቀው» አለችኝ ዘወር ሳትል። «አሁንማ ወሬ ለምደሃል።»