የውጭው ፊልም እንደምን እንደተመረመረና ስለ ቀዩ በሬ

የአቶ ሙሀመድሰይድ የግራ ዓይን ሞራ በተገፈፈ በዘጠነኛው ቀን፣ በዘመነ ፍላሽ፣ ሙቀት የቆቦን ቆርቆሮ ጣራ ሁሉ በገዛበት በወርኃ ግንቦት፣ እኒህ አባት ለልጃቸው ለፈሪሀ፣ ለዝምታ እመቤት፣ ለዩኒቨርሲቲ ምሩቅ፣ ለሪሞት ጠባቂ፣ እንዲህ ሲሉ አዋጅ ነገሩ፦ «አብሮ አደጎቼ ‹እንኳን አላህ ብርሃንህን መለሰልህ› ሊሉኝ ይመጣሉ። ፊልም አሳዪን። ብቻ በነሱ ፊት የሚያሳፍረኝ ነገር እንዳይኖርበት፣ አደራ።» እርሳቸው እንባቸውን ማለታቸው ነበር፤ ግመላቸው በሞተች ጊዜ ሦስት ቀን ከጓሮ ያልወጡ ሆደ ቡቡ ናቸውና፣ በራያም በእኩዮቹ ፊት ያለቀሰ ወንድ ስሙ በየሰርጉ ለመሳቂያ ይነሣልና። ፈሪሀ ግን መሳሳም መሰላት።

ወእምዝ ሠራዊቷን አከተተች፤ በቀኝ የአጎቷ ልጅ ሰልዋ፣ ፍላሽ ተሸካሚት፤ በግራ ጎረቤቷ አስረሳሽ፣ የሦስት መቶ ክፍል ተከታታይ ፊልም ድል አድራጊት፣ የአማት ተንኮል መርማሪት፤ በኋላም ድመቷ። ሁለት ቀን ሙሉ ትራስ ተደግፈው፣ ቆሎ እየቆረጠሙ፣ በአማርኛ የተመለሰውን የውጭ ፊልም በላፕቶፕ ከበቡት፤ በአሥራ አራተኛው ደቂቃ የተሳመውን ጉንጭ ማረኩ፣ በሠላሳ አንደኛው ከንፈር ወደ ከንፈር ሲገሰግስ መንገድ ላይ ቆረጡት፣ የሴቲቱንም የተራቆተ ጉልበት አልማሩም። አስረሳሽም በአጥር ላይ አዋጅ አስነገረች፦ «ይኼ ፊልም ከእንግዲህ ለሼህም ለቄስም ይሆናል። ነውር አገኘሁበት የሚል ካለ እኔን ይጠይቀኝ።» በመጨረሻ የሚሞተውን ቀይ በሬ ግን ማንም ልብ አላለውም።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሽማግሎቹ ገቡ፣ በፊታቸውም የሮቢቱ ጋሽ በድረዲን፣ ወሬ የማያመልጣቸው፣ ያመለጣቸውንም የሚፈጥሩ። ፀሐይ እንዳይገባ መጋረጃው ተዘጋ፣ ፍላሹም በቴሌቪዥኑ ላይ ተሰካ። ፈረንጁ ገበሬ የታመመ በሬውን አንገት አቅፎ በስሙ ሲጠራው ግን የአቶ ሙሀመድሰይድ አገጭ ተንቀጠቀጠ፣ እጃቸውም ወደ ፎጣቸው ጫፍ ሄደ፣ ጋሽ በድረዲንም ፊታቸውን ወደ እርሳቸው ማዞር ጀመሩ።

ያን ጊዜ የአባቷ አደራ የገባት ፈሪሀ፣ በሰው ፊት ስሟ ሲጠራ እንኳ የምትደነግጠው፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ተነሥታ፣ የዘጠኝ ሽማግሎችን እግር ተሻግራ፣ በረንዳ ወጥታ፣ ቆጣሪውን አጠፋች። ቤቱ ጨለመ። በሕይወቷም የመጀመሪያ የሆነውን አዋጅ ከደጅ አስነገረች፦ «መብራት ሄዷል። ፊልሙን እኔ አይቼዋለሁ፤ በሬው ይድናል።»

ከሮቢት እስከ ዋጃ፣ ከተራራው ግርጌ እስከ አፋር በረሃ፣ እንዲህ ያለ ውሸት በእንዲህ ያለ ቀጭን ድምፅ የዋሸ ጀግና አልተሰማም፤ የአባቷን ፊት በአንድ ጣት ጋርዳለችና ስሟ ይክበር።

በጨለማው ውስጥ ከአንድ በላይ አፍንጫ ተናፈጠ። ከዚያ ሽማግሎቹ ስለ ከብት መድኃኒት ማውራት ጀመሩ፤ ፈሪሀም ቆጣሪውን ሳትነካ ሻይ አቀረበችላቸው።