እህት የከለከለችው፣ እህት የፈቀደችው ማር

እናንተዬ፣ ቁርሳችሁን እንኳ በሰላም የማታስበላ ተመራማሪ ገጥማችሁ ታውቃለች? እኔ ገጥማኛለች። ደብረ ማርቆስ ግቢዬ ውስጥ ክፍል የተከራየችው ዶክተር ሰናይት፣ መንትዮች ምን በልተው በምን እንደሚታመሙ ታጠናለች። ወጤ ላይ ዘይት ጨመር ባደረግኩ ቁጥር እንደ ንስሐ አባት በግሳጼ ታየኛለች።

አንድ ቀን ይጁቤ አብሬያት ሄድኩ። እዚያ የሚኖሩት እማማ ጥሩዬ ጤነኛ ናቸው፤ ሮብ ገበያ ከተማ ያሉት መንትያቸው እማማ ብርቄ ግን ስኳር በሽታ አለባቸው።

“ማር ይበላሉ?” አለቻቸው ዶክተሯ።

“ነፍሴ ነበር። እህቴ ከተከለከለች ወዲህ ግን እንዴት ብሎ ይወርድልኛል?”

በማግስቱ ሮብ ገበያ ሄደን ዶክተሯ ይህንኑ ብትነግራቸው፣ እማማ ብርቄ ተቆጡ። “እኔ ባመመኝ እሷ ምን በወጣት!” ብለው ማሰሮ ሙሉ ማር አስታቀፏት። “ውሰጂላት። ዓይንሽ እያየ ትብላ።”

እንግዲህ አገሩን ሁሉ ጣፋጭ ስትከለክል የኖረች ሐኪም ማር ታቅፋ ይጁቤ ተመለሰች። መልእክቱን ነግራ በማንኪያ አጎረሰቻቸው። የእማማ ጥሩዬ ዓይን እንባ ሞላ።

“ጣፈጠዎት?”

“ማሩስ ያው ማር ነው ልጄ። ብዪ ማለቷ ነው የጣፈጠኝ።”