አንቱ የምላት ተከራይ

ሰው አከራይ የሚሆነው ገንዘብ ተርፎት አይደለም፤ ተከራይ ሳለ የያዘው ቂም አልወጣለት ብሎ ነው። ሌላ ምክንያት የሚነግራችሁ ካለ አትመኑት። እኔ እዚህ ካምፓላ ወደ ሙንዮንዮ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ያቺን ባለ ሁለት መኝታ ቤት ስገዛ፣ የባንኳ ልጅ ስለ ኢንቨስትመንት ስታብራራልኝ ራሴን እየነቀነቅኩ በልቤ የማስበው እትዬ ዘውዴን ነበር።

እትዬ ዘውዴ ካምፓላ እንደመጣሁ ክፍል ያከራየችኝ ሴትዮ ናት። ካውያ ስሰካ ቆጣሪው ሥር ቆማ የምትጠብቅ፣ እንግዳ ሲመጣብኝ በመስኮት ብቅ ብላ "ያድራል?" የምትል፣ የሽንት ቤቱን ውኃ በለቀቅኩ ቁጥር ጉሮሮዋን የምትጠርግ። በመጨረሻም የወንድሟ ልጅ ይመጣል ብላ በዝናብ አስወጣችኝ። የወንድሟ ልጅ እስከ ዛሬ አልመጣም። መንገድ ላይ መሆን አለበት።

ታዲያ ቤቴን ቀለም አስቀብቼ ተከራይ ስፈልግ፣ በሬን ማን ቢያንኳኳ ጥሩ ነው? ራሷ! ልጆቿ ቤቱን ሸጠውባት ኖሯል። እናንተ ብትሆኑ በሩን ትዘጉባት ነበር። እኔ ግን እንዲህ ያለ ዕድል ዳግም አይገኝም ብዬ... አከራየኋት።

ያልቆጠርኩት አንድ ነገር ነበር። እትዬ ዘውዴ በዕድሜ ትበልጠኛለች። እዚህ ስጽፍ "እሷ" እያልኩ እደፍራለሁ፤ ፊቷ ስቆም ግን ከ"እርስዎ" በቀር አፌ አይታዘዘኝም። ቤቴን ልቆጣጠር ተቆጥቼ እሄዳለሁ፤ እሷ ከስተሻል ብላ ታስቀምጠኛለች፣ ማቶኬ የሚሉትን የተቀቀለ ሙዝ በሥጋ ወጥ ታቀርባለች፣ ታጎርሰኛለች። አፉ የሞላ አከራይ ደግሞ እንዴት ብሎ ይቆጣል? አዲሱን ግድግዳዬን በሚስማር ወንፊት ስታደርገው እያየሁ፣ ተመርቄ እወጣለሁ።

ባለፈው ሳምንት ግን ቆረጥኩ። ፊቷን ላለማየት በስልክ መልእክት ላክሁላት፦ እስከ ወር መጨረሻ ይልቀቁልኝ፣ የወንድሜ ልጅ ይመጣል። ወንድም የለኝም። ደስታዬን ግን አልደብቃችሁም፤ ያን ቀን ምሳ ሁለት ጊዜ በላሁ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ከቦዳ ሞተር ሳይክል ሲወርዱ በመስኮት አየሁ። ባሌ ካረፈ ቆይቷል። ሽማግሌ ባል ወደሌላት ሴት ቤት ምን ፍለጋ እንደሚመጣ መቼም አልነግራችሁም። በዚያ ላይ ናካሴሮ ሰፈር ምግብ ቤት ያለው አንድ ሰውዬ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰላምታውን ያረዝምብኝ ጀምሯል... ኩል ተኳልኩና በሩን ከፈትኩ። ለእንግዳ ክብር ነው፤ ሌላ እንዳይመስላችሁ።

ተቀመጡ ብላቸው አሻፈረን አሉ። በዕድሜ የሚበልጡት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"የመጣንበትን እሺ ካላልሽን አንቀመጥም፣ ልጄ።"

ማን እንደላካቸው ብጠይቅ የቸኮልኩ መስሎ ይታያል። ወጉ ስለሚገባኝ ወለል ወለሉን እያየሁ ጥቂት አስቆምኳቸው። ቶሎ እሺ ያለች ሴት ትረክሳለች።

"እናንተን የመሰሉ አባቶች ቆመው እንዴት እምቢ እላለሁ" አልኩ፣ ድምፄን አለስልሼ።

መርቀው ተቀመጡ። ከዚያ ሽማግሌው ጉልበታቸውን እያሹ፣ "እንግዲህ ዘውዴ ከቤቱ አትወጣም። ኪራይም አይጨመርባትም" አሉ።

"ሌላስ?" አልኩ።

"ሌላ የለንም።"

ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ። ሳይመሽ ራሷ ደወለች። ምርቃቱን አወረደችውና ሲያልቅባት፣ "ኩሉ አምሮብሽ ነበር አሉ" አለችኝ። "ማንን ጠብቀሽ ነው?"

ይህን ነገር ለሰው ካልነገሩብኝ ሳሎኑን በፈለጉት ቀለም እንደገና አስቀባልዎታለሁ አልኳት። ሐምራዊ መረጠች። ቀለም ቀቢው ነገ ይጀምራል፤ እሷ ዝም ማለቷን ግን አላመንኩም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ከእሷ ከምትሰሙት ብዬ ነው እኔው ቀድሜ የነገርኳችሁ።