ስንቅ አመላላሹ ወፍ

እውቀት እንደ እንግዳ ነው፤ አገባቡን ካላወቀበት ደጅ ላይ ይቀራል። መጽሐፍ ያገላበጠ ሰው ሁሉ ያወቀውን ማካፈል የሚችል ይመስለዋል፤ ሰሚው ማዛጋት ከጀመረ ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። አባቶቻችን «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ያሉት ወደው አይደለም። በጣሳም ቢሆን ጠጅ ጠጅ ነው፤ ግን እስኪ ለክቡር እንግዳ በጣሳ ያቅርቡና ፊቱን ይዩት።

ይህን የተማርሁት በደርግ ጊዜ ነው፤ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለው ሰፈራችን፣ ይበልጣል ከሚባል የሳይንስ መምህር። እኔ ያን ጊዜ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበርሁ። ይበልጣል ዓይን አፋር ወንደላጤ ነው፤ ከሰው ይልቅ ቅርንጫፍ ቅርንጫፉን እያየ ስለሚሄድ ቦይ ውስጥ መግባት ያዘወትራል። አንድ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ሊያልቅ ሲል እጁን አወጣና ሐይቁ ዳር ካለው ትልቅ ሾላ ላይ የወፍ ጎጆ ማግኘቱን አበሠረን። ወፏን ሁላችንም እናውቃታለን። ምንቃሯ ላይ ሌላ ምንቃር የደረበች የምትመስል፣ ስትበር ክንፏ እንደ ወናፍ የሚተነፍስ ትልቅ ጥቁር ወፍ ናት። እሱ ግን ስለ ዝርያ፣ ስለ መደብና ንኡስ መደብ ይተነትን ጀመር። እኛ ስናንቀላፋ የቀበሌው ሊቀመንበር ነቃ።

«የየትኛው መደብ ናት?»

«የአዕዋፍ፣ ጓድ።»

«እሱማ ይታወቃል። ከጭቁኑ ናት ወይስ ከአድኃሪው?»

ስብሰባው ተበተነ። ይበልጣል አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ ጎረቤቴ ጥሩዬ በር ላይ አስቆመችው። የጥሩዬ ባል ታስሮ ነበር። በየቀኑ ስንቅ እየያዘች ወህኒ ቤት ስትመላለስ ከርማ፣ በቅርቡ «እዚህ የለም፤ ተዛውሯል» ብለው ከበር መልሰዋታል። ወዴት እንደተዛወረ የነገራት የለም። ደጋግማም አልጠየቀችም፤ ያን ጊዜ ብዙ የጠየቀ ራሱ ስንቅ አመላላሽ ያስፈልገው ነበር።

«መምህር፣ እዚያ ዛፍ ውስጥ ምን ትሠራለች?» አለችው።

«ዘግታለች» አላት። ከዚያ ዝርያውም መደቡም ጠፍቶት እንደ ጎረቤት ወሬ አወራላት። እናቲቱ የዛፉ ፍልፍል ውስጥ ገብታ በሩን በጭቃ ትደፍነዋለች። የምታስቀረው ምንቃር የሚያሾልክ ስንጥቅ ብቻ ነው። እዚያው እንቁላሏን ታቅፋለች፣ የክንፏን ላባ ታራግፋለች፤ ልብረር ብትልም አትችልም። ወንዱ ፍሬ በጎሮሮው ሞልቶ እየመጣ በስንጥቁ አንድ በአንድ ያጎርሳታል።

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«ዝናብም ቢሆን?»

«ዝናብም ቢሆን።»

ጥሩዬ በማግስቱ ሄዳ አየች። እኔም ተከትያት ሄድሁ። በሳምንቱ ግማሹ ሰፈር በርጩማውን ይዞ ሾላው ሥር ተኮለኮለ፤ የይበልጣልም አንደበት ተፈታ። የሰፈራችን መሪጌታ ትንሽ አዳመጡና «ሱባኤ ገብታለች በለኛ!» አሉ። አንዲት ሴትዮም ባሏን በጎሪጥ እያየች፣ «የእኔው ከገበያ ሽንኩርት እንኳ አምጥቶ አያውቅ» አለች። ሰውዬው ወዲያው ወደ ሐይቁ ዞሮ ዓሣ የሚቆጥር መሰለ።

ለካ ሊቀመንበሩ ለመጪው የሠራተኞች ቀን በዓል ሰልፍ መድረክ የመረጠው ያንኑ ቦታ ኖሯል። መጥረቢያ የያዙ ሰዎች አስከትሎ ከች አለ።

«ማን ፈቅዶላችሁ ነው የተሰበሰባችሁት?»

ይበልጣል እየተንተባተበ የወፏን ነገር አስረዳው።

«ማን ነው የዘጋባት?»

«ራሷ ናት ጓድ። ሲበቃት ራሷ ትከፍተዋለች።»

ያን ጊዜ ስለ ተዘጋ በር ያወራ ስለ ወህኒ ቤት ያወራ ይመስል ነበር። ሁላችንም የየራሳችንን እግር ማየት ጀመርን። ይበልጣል ምን እንደተናገረ የገባው ካላበው በኋላ ነው።

በዚህ መካከል ወንዱ መጣ። ሰውና መጥረቢያ ሲያይ ማረፍ ፈራ፤ ጎሮሮውን እንደሞላ በዛፉ ዙሪያ ይዞር ጀመር።

«ጓድ ሊቀመንበር» አለች ጥሩዬ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ዛሬ ዛፉን ብትጥሉት፣ ነገ ምግቡን ይዞ ሲመጣ በሩን ያጣዋል። ምግብ ይዞ በር ማጣት ክፉ ነው።»

ሊቀመንበሩ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ በጥሩዬ ሠርግ ላይ ሲጨፍር አይቼዋለሁ። ቀና ብሎ የሚዞረውን ወፍ አየ። ከዚያ፣ «መድረኩ ወደዚያ ፈቀቅ ይበል። የዛፉ ጉዳይ ይታያል» ብሎ ሄደ። ያን ጊዜ «ይታያል» የተባለ ነገር አንድም ይጠፋል፣ አንድም ይረሳል። ለእኛ፣ እግዜር ይስጠው፣ ተረሳ።

በበዓሉ ዕለት ይኸው ሊቀመንበር ከበላይ ለመጡ እንግዳ ሾላውን በኩራት ሲያስጎበኝ ሰማነው። «ባልየው የኑሮን ሸክም እኩል ይካፈላል፤ የቀበሌያችን ነዋሪ ነው!» ይበልጣል ከኋላ ቆሞ ሲሰማ አልተከፋም። ወሬው እግር አውጥቶ መሄዱ ነዋ የፈለገው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ከእስር የተፈታ አንድ ሰው ለጥሩዬ መልእክት አመጣላት፤ ባሏ ሌላ ከተማ፣ በሕይወት አለ። ስንቋን ቋጥራ ሄደች፤ በዓይኗ አይታው ተመለሰች።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጧት «ወጣች! ወጣች!» ሲባል ሁላችንም ሮጥን። እናቲቱ ጭቃውን ሰብራ ወጥታ፣ መብረር የረሳች ይመስል ቅርንጫፍ ላይ ትንገዳገዳለች። ከኋላዋ ጫጩቷ አንገቷን ብቅ አድርጋለች። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። የጥሩዬ ዓይን ግን ያለው ወንዱ ላይ ነው፤ ፈንጠር ብሎ ካለ ቅርንጫፍ ላይ ፍሬውን በምንቃሩ እንደያዘ ተቀምጧል።

«ለእሱስ?» አለች። «ሲመላለስ ለከረመው እልል የሚል የለም?»

ብቻዋን ጀመረችው። እኛም ተቀበልናት። እልልታው ለወፉ ነበር፤ ሁላችንም ግን የምናየው ጥሩዬን ነበር።