«ሁለት ዓመት ለምን አስፈለገሽ?»

ጥሩ ነገር አንድ ሆኖ ሲመጣ ተመስገን ብዬ እቀበላለሁ። ሁለት ሆኖ መጥቶ «ምረጪ» ሲለኝ ግን እጠረጥራለሁ። ለምን አትሉኝም? ሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ ስነግድ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ገዢዋ ልሂድ ልቅር እያለች ካመነታች፣ ሁለት ነጠላ እዘረጋላትና «የቱን ልጠቅልልልሽ፣ የኔ እመቤት? ጥለተ ሰፊውን ወይስ ቀጭኑን?» እላታለሁ። ከዚያ ወዲያ ሐሳቧ ሁሉ ጥለቱ ላይ ነው፤ ሳይገዙ መሄድ የሚባል ነገር እንዳለ ፈጽማ ትረሳለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለእንዲህ ያለችዋ ነው። እኔ ደግሞ መንጣሪዋ ነበርኩ። ሲመነጥር የኖረ ሰው ሲመነጥሩት ይነቃል።

ሕይወት የልጄ ልጅ ናት። እናቷ ካረፈች ወዲህ እዚሁ ቀጨኔ፣ አቀበቱ ላይ ባለችው ቤቴ፣ እኔው ነኝ ያሳደግኳት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ አበባ ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ታዲያ በቀደም ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣችና፣ ፈረንጅ አገር ያሉ ሁለት ትምህርት ቤቶች ኤምቢኤ ለሚባል ትምህርት ተቀበሉኝ አለች። የንግድ ሥራ አመራር ማለት ነው አሉ። አንደኛው በአንድ ዓመት ያስጨርሳል፤ ሌላው በሁለት። ክፍያውን ሁለቱም እኛ እንችልልሻለን ብለዋታል። እኔን በዚህ ዕድሜዬ ማንም ምንም ችሎልኝ ስለማያውቅ እዚህም ላይ ጠርጥሬያለሁ። መልስ እስከ ሰኞ ስጪ ተብላለች።

«እና የቱ ይሻለኛል፣ እምዬ?» አለችኝ።

አያችሁ ሁለቱን ነጠላ? አልሄድም የሚለው የት ገባ? ማንም አልዘረጋውም። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ኩሩ ሴት የልጅ ልጇን አትለምንም።

ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ላይ ያቆምኩ ብሆንም ይህን ያህል ማሰብ አያቅተኝም፦ ትምህርቱ በአንድ ዓመት የሚያልቅ ከሆነ እነዚያኞቹ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ያደርጋሉ? በሁለት ዓመት የሚያልቅ ከሆነስ፣ የእነዚህኞቹ ግማሹ የት ሄደ? ከሁለቱ አንዱ ሌባ ነው።

«እኔ ስነግድ ማንም ኤምቢኤ አልጠየቀኝም» አልኳት።

«ለዚያ ይሆናላ ሱቁ የተዘጋው!»

ምላሷን ከማን እንደወረሰችው አውቃለሁ።

ቅዳሜ ደግሞ ልጄ ጌታቸው ከች አለ። የሕይወት አጎት ነው፤ ባንክ ይሠራል፣ ከተማው ሌላ ጫፍ ኮንዶሚኒየም ይኖራል። ጌታቸው በዓል ሳይሆን ቀጨኔ ከታየ አንድ ነገር አለ። ሙዝ ይዞ ከታየ ደግሞ ነገሩ ከባድ ነው። ሙዝ ይዞ ነበር።

«የአንድ ዓመቱ ነው የሚያዋጣሽ» አላት ገና ሳይቀመጥ። «ወረቀቱ ያው ወረቀት ነው። ቶሎ ሄደሽ ቶሎ ነይ፤ ዕድሜሽን ምን ያስበላሻል?»

«ጋሼ፣ የአንድ ዓመቱ እኮ ሥራቸውን ለሚወዱ ሰዎች ነው። እዚያው ሥራቸው ላይ ከፍ ለማለት ይሄዳሉ። እኔ ከአበባው መውጣት ነው የምፈልገው። የሁለት ዓመቱ መሃል ላይ ክረምቱን ኩባንያ አስገብተው ያሠሩኛል፤ ሥራውን አየዋለሁ፣ እነሱም ያዩኛል። በአንድ ዓመቱ ሻንጣዬን ሳልፈታ ‹በይ ሥራ ፈልጊ› ሊሉኝ ነው።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አልኩ እኔ፣ ነገሩ እንዲሞቅ።

«ጊዜ ወርቅ ነው» አለ ጌታቸው።

ተረት ደላላ ነው፤ ለሁለቱም ወገን ይሠራል። እኔ ግን ዓይኔ ያለው ሌላ ቦታ ነበር። ይህ ሰው አንድ ዓመት ላይ ለምን ሙጭጭ አለ? የእህቱ ልጅ ዕድሜ አሳስቦት? የትም የለ! ሕይወት ከሄደች የስኳር መድኃኒቴን የሚያመላልስ፣ ዝናብ ሲጥል በዚያ ቁልቁለት ደግፎ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሰኝ ሰው ሊያስፈልግ ነው። ያ ሰው ደግሞ እሱ ነው። አንድ ዓመት እናት መጠየቅ ነው፤ ሁለት ዓመት እናት መጦር ነው።

«ጌታቸው» አልኩት፣ «ያሳሰበህ የእሷ ዕድሜ ነው ወይስ የመኪናህ ነዳጅ?»

«ኧረ እማዬ!» አለና ያመጣውን ሙዝ ራሱ ላጠው። ስኳር እንዳለብኝ ያን ጊዜ ትዝ ብሎት ይሆናል። ሁለት ዓመት የሚጦረኝ እንግዲህ ይህ ነው።

እንዲህ ሆኖ ክርክሩን ሕይወት ረታች፤ የሁለት ዓመቱ ተፈረደ። ጌታቸው ግን ተረትቶ ዝም የሚል ሰው አይደለም። «እሺ፣ ኤምባሲው ይጠይቅሻል፤ የአንድ ዓመት እያለ ሁለት ለምን አስፈለገሽ? ትመለሻለሽ ወይ? ይልሻል። ቪዛ የሚከለከለው እዚያ ላይ ነው» አለ። የአገራችንን ልማድ ታውቃላችሁ፤ ኤምባሲ የሚቀርብ ሰው አስቀድሞ ቤቱ ይለማመዳል፣ ከዘመድ አንዱ ቆንስል ይሆናል። ጌታቸው ወንበር ስቦ እኔ ልሁን አለ። እሱ? ሙዝ እየበላ የሚጠይቅ ቆንስል የት አለ?

«ተነሥ!» አልኩትና መነጽሬን አድርጌ ተቀመጥኩበት። ዕድሜዬን ሙሉ ስጠረጥር የኖርኩት ለካ ለዚህ ሥራ ኖሯል።

«ስም?»

«እምዬ ደግሞ፣ ስሜን...»

«እምዬሽ ቤቷ ናት። እኔ ቆንስል ነኝ። ሁለት ዓመት ለምን አስፈለገሽ?»

የክረምቱን ነገር ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። አላቅማማችም።

«ስትጨርሺስ ትመለሻለሽ?»

«እመለሳለሁ።»

«ምን አለሽና?»

«አያቴ አለችኝ። ያሳደገችኝ እሷ ናት። አርጅታለች፣ ታማለች፤ ከእኔ ሌላ ጧሪ የላትም።»

መነጽሬን አወለቅሁ።

«ማን ነው ያረጀው? ጧሪ የላትም የምትዪው ማንን ነው? ልጅ አለኝ፤ ይኸው ይበላል። ዕድር አለኝ፣ ማኅበር አለኝ። እኔ የቤት ካርታ ነኝ መያዣ የምታደርጊኝ? ሌላ ፈልጊ!»

ሌላ ፈለግን። በስሟ ቤት የለም። ሥራውን ልትለቅ ነው። እጮኛ የለኝም ትላለች፤ ይህንንም እጠረጥራለሁ፣ ለኤምባሲ ግን የተጠረጠረ እጮኛ አይሆንም። ሦስታችን ብንፈልግ ብናስፈልግ፣ ይህችን ልጅ ወደ ቀጨኔ የሚመልስ ነገር ከእኔ በቀር ጠፋ።

ያን ጊዜ ነው የጨነቀኝ። በእኛ ቤት አያት ከደከመች ልጅ አይሄድም። በኤምባሲ ቤት ደግሞ አያት ካልደከመች ልጅ አይሄድም። ብርቱ ነኝ ብዬ ድርቅ ብል ትቀርልኝ ይሆናል፤ ማንም አይፈርድብኝም፣ ኩራቷ ነው ይላሉ እንጂ። ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች። ጌታቸው እንኳ መብላቱን አቆመ።

«በይ በያቸው» አልኳት። «አርጅታለች በዪ። ዓይኗም ደክሟል በዪ። ጉልበቷን አትርሺ፤ ያንን አቀበት አትችለውም በያቸው።»

«ዓይንሽና ጉልበትሽማ ደህና ነው፣ እምዬ። ለምን እዋሻለሁ?»

«የዓይኔን ዋሺ» አልኳት። «የጉልበቴ እውነት ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ።

ቆንስል ሆኜ ስሰማት መልሷን አምኜ ቪዛውን ሰጥቻታለሁ። አያቷ ሆኜ ስሰማት ግን አላመንኳትም። ኩባንያው በክረምት ያያታል፣ ይወዳታል፤ ማን ይጠላታል? ሁለት ዓመት ሦስትን ይወልዳል፣ ሦስትም አራትን። ሰኞ ዕለት አጠገቤ ተቀምጣ የሁለት ዓመቱን መረጥኩ ብላ ላከችላቸው። እኔም እሰይ አልኩ።

የኤምባሲው ቀጠሮ ገና ነው። እስከዚያው አደራ ልስጣችሁ። ከኤምባሲ ነን ብሎ ስለ እኔ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ፣ ዓይኔ አያይም፣ ጉልበቴ አልቋል፣ ጧሪ የለኝም። የቀጨኔ ሰው ከጠየቃችሁ ግን ደህና ነኝ።