ወንበሩን ማን ሳበው?

የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሁለት ዓይነት ነው፤ ሽቦ የሚጠረጥርና ሰው የሚጠረጥር። የመጀመሪያው መኪና ይሠራል። ሁለተኛውም ይሠራል፤ ግን እስኪሠራ ድረስ ቤተሰብ ያፋጃል።

ክቡር መርማሪ ከሁለተኛዎቹ ነበር። እናቱ ያወጣችለትን ስም ሰፈሩ ከረሳው ቆይቷል። ጥሩንባዬ አልጮህ አለ ላለው ሰው፣ ጥሩንባውን ሳያይ «ከማን ጋር ተጣልተሃል?» ይለዋል። ሻይ ሲጋብዙት እንኳ ከመቅመሱ በፊት የጋባዡን ፊት አንዴ ያጠናል። «ሽቦ በገዛ እጁ አይወልቅም፤ ሰው አለበት!» ሲል ያልሰማው የለም።

አንድ ጠዋት አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አስጠራው። መኪናዋ ጥቅል ጎመን እስከ አፏ ተጭናለች፤ ፀሐዩ እየከረረ ነው። ሾፌሩ ሞተሯን ለማሞቅ የጋቢናዋ በር መርገጫ ላይ ቆሞ ቁልፉን ቢያዞር፣ ጭጭ።

«ማታ ደህና ነበረች» አለ ሾፌሩ፤ ግንብ የሚያህል ረጅም ሰው ነው።

«ማታ ደህና ያልነበረ የለም። ማን ነካት?»

«ማንም!»

«ማንም የሚባለውን ሰውዬ አውቀዋለሁ። በየግቢው ቀድሞኝ ይገባል።»

ግቢው ውስጥ፣ የቤቱ በር ጥግ የሾፌሩ አባት ምርኩዛቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ይህችኑ መኪና ዕድሜ ልካቸውን ነድተው፣ ዓይናቸው ሲደክም ለልጃቸው ያስረከቡ አጭር ሽማግሌ ናቸው። መርማሪው እሳቸውንም በጎን ገረመማቸው።

ከዚያ ወደ ሥራው ገባ። መብራቷን ሲያበራው ቦግ አለ፤ እንግዲህ ባትሪው ከደሙ ንጹሕ ነው። ከሥር ተኝቶ ሞተሩን በሚያስነሳው ሞተሪኖ ላይ መሞከሪያ አምፖሉን ደገነ። ወፍራሙ ሽቦ ኃይል አለው። «አዙር!» ብሎ ጮኸ። ሾፌሩ ከመርገጫው ላይ እጁን ሰዶ አዞረ። ከቁልፉ በሚመጣው ቀጭን ሽቦ ላይ ግን አምፖሉ አልበራም። ጥፋቱ እላይ ነው፣ ጋቢና ውስጥ።

መርማሪው ገብቶ አንገቱን ከመሪው ሥር ቀበረ። ከቁልፉ ማስገቢያ ጀርባ አንድ ሽቦ ወልቆ ተንጠልጥሏል፤ ልክ በጉልበት ከፍታ። ቀና ሲል ወንበሩን አየው። ወደ ፊት ተስቦ መሪውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ያ ግንብ እዚህ ቢቀመጥ ጉልበቱ አገጩን ይመታው ነበር። መሪው ደግሞ በጨርቅ ተወልውሎ ያብለጨልጫል።

በሙያ ዘመኑ እንዲህ ያለ ማስረጃ ገጥሞት አያውቅም። «ሰው አለበት!» ሊል አፉን ከፈተ።

«አባባ እንዳይሆኑ ብቻ!» አለ ሾፌሩ ከውጭ። «ባለፈው ፍሬኑን ለቀው አጥር አስጥሰውኛል። ዳግመኛ ጋቢና ከገቡ እህቴ ጋ እወስዳቸዋለሁ ብዬ ምያለሁ!»

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ጠበቅ አደረጉ። ወደ መኪናዋም ወደ ልጃቸውም አላዩም።

መርማሪው አፉን ዘጋ። ሽቦውን ቦታው መለሰና፣ «አይጥ ነው» አለ።

«አይጥ?» ሾፌሩ አንገቱን ወደ ውስጥ ሰደደ። «ወንበሩንስ ማን ሳበው?»

«እኔ። ወገቤን ላስደግፍ ብዬ። ምነው፣ ልትመረምረኝ ነው?»

ቁልፉ ሲዞር መኪናዋ አጉረምርማ ተነሳች። ሾፌሩ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ጎመኑን ይዞ ነጎደ።

መርማሪው መሣሪያውን ሰብስቦ ሲወጣ ሽማግሌው አጠገብ ቆም አለ።

«አባባ፣ ያ አይጥ ተመልሶ ከመጣ ይንገሩልኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሲቀመጥ ቀኝ ጉልበቱን ከመሪው ሥር ያርቅ።»

ሽማግሌው ግቢውን ግራና ቀኝ ቃኙ።

«እነግረዋለሁ» አሉ። «ምን ያድርግ ብለህ ነው፣ ጉልበቱ እኮ አልታጠፍ ብሎት ነው።»